መኪና ልንመርጥ መርካቶ የሄድን ጊዜ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሄዶ መመለስ እንደ ትልቅ ጉዞ የሚቆጠርበት ዘመን አልፏል። አውቶቡሱ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ያደርሳል። የእኛ ሰፈር ሴቶች ግን አብዛኞቹ አባይን ተሻግረው አያውቁም። ከተመለስኩ ጀምሮ “መርካቶ እንዴት ነው? መኪናዋንስ እንዴት መረጣችሁ?” እያሉ በየተራ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዷ ስደግመው ነገሩ እያጠረና እየተበላሸ ሄደብኝ። ጨርሶ ሳይበላሽ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የሄድነው እኔና የባለቤቴ አባት ነን። ባለቤቴ ይበልጣል ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጅ አልወለድንም። አባቱን “አባባ” እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው ስገባ ባወጡልኝ ስም “ብርቄ” ይሉኛል። አባትና ልጅ ሁለቱም የጭነት መኪና ሹፌሮች ነበሩ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጎጃምን እህል መርካቶ ሲያራግፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም መኪናውን ለልጃቸው አስረከቡ። ልጃቸው ሲሞት መኪናው ወደ እኔ ዞረ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በጭነት መኪና ምን እሠራበታለሁ? ሸጥኩትና ራሴ የምነዳት ትንሽ መኪና ልገዛ አሰብኩ። የሁለት ሰው ላብ ያለበት ገንዘብ ስለሆነ ምርጫውን ለብቻዬ ላደርገው አልወደድኩም። አባባን ይዤ ሄድኩ።

ሌላም ነገር ይዤ ነበር የሄድኩት። አዲስ አበባ ያለ የአዋላጅ ነርሶች ማሠልጠኛ አስተማሪ እንድሆን ጠይቆኝ እሺ ብያለሁ። ክረምቱ ሲወጣ እጀምራለሁ። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። ከልጃቸው ሞት በኋላ እሑድ እሑድ ደጃቸውን የምረግጥ እኔ ብቻ ነኝ። “ልሄድ ነው” የሚለው ቃል ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ስንት ጊዜ እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። መንገዱ የሚያጣብቅ ዋልካ አፈር ስለሆነ ክረምት ሲገባ ባጃጅም አይደፍረውም። ይበልጣል ከሩቅ አገር ሲመለስ ቁልቋል ካለበት ከዳገቱ መታጠፊያ ላይ ክላክስ ያደርግ ነበር። አባባ ግን ከክላክሱም በፊት የሞተሩን ድምፅ ለይተው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። አሁንም ከታች የጭነት መኪና ሲያልፍ ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ። ያ መኪና እንዳልሆነ ሲያውቁ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው “እና ከዚያስ?” እላቸዋለሁ።

ማክሰኞ

አባባ ከአውቶቡሱ ሹፌር ጀርባ ያለውን ወንበር ካልያዝኩ አልሄድም ስላሉ እዚያው ተቀመጥን። ደጀንን አልፈን የአባይን ቁልቁለት ስንጀምር በየመታጠፊያው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። “አሁን ቀንስ... ቀንስ...” ይላሉ ለራሳቸው። ሹፌሩ ሰምቶ፣ “ጋሼ፣ ይምጡና እርስዎ ይንዱት እንጂ!” ሲል አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። “ፍሬንህ ሸቷል” አሉት። ሹፌሩም ከዚያ በኋላ በዝግታ ነዳ።

ለአባባ የድሮ የመርካቶ ወዳጅ ለሐጂ ከድር ስጦታ የያዝነው የማር ቆርቆሮ ግን ቁልቁለቱን አልቻለውም። ክዳኑ ተከፍቶ አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። እኔ አፍሬ በመሐረቤ ስጠርግ ሴትዮዋ ጣታቸውን ላስ አድርገው፣ “ግድ የለም ልጄ፣ የማይረባ ማር ቢሆን ነበር የምቆጣሽ” አሉኝ። ጎሐ ጽዮን ላይ ምሳችንን አብረን በላን። የምግብ ቤቱ ሽሮ ከእኛው ቀጥኖ ነበር። ሴትዮዋም አባባም ይህንኑ ሦስት ጊዜ ተናገሩ።

አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ደላላውና ሻንጣ ተሸካሚው ከበበን። በማርቆስ መናኸሪያ አንድ ሰው ሻንጣህን ከነካ ያውቅሃል ማለት ነው፤ እዚህ ሳያውቁህ “እናቴ፣ አባቴ” ይሉሃል። አባባ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው እንደ ከብት ነጋዴ እየጠረጉ አወጡን። ድሮ የሚያድሩበት ሆቴል ፈርሶ በቦታው ሕንጻ ቆሟል። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ይፈርስና ይገነባ ነበር፤ ከራሳችን በላይም ባቡር ያልፋል። አባባ የሚያውቁትን ነገር ፈልገው ሲያጡ ፊታቸው ጠቆረ።

ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ቧንቧውም ይጮሃል እንጂ ውኃ አይሰጥም። በሆዴ “እኛ አገር ለእንግዳ ውኃ ሳይቀዳ በር አይከፈትም” እያልኩ ስነጫነጭ፣ እትዬ አስካለ ራሳቸው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃና ሳፋ ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው የአባባን እግር ሊያጥቡ ሲሉ አባባ፣ “ኧረ በማርያም!” ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። “ከጎጃም የመጣ ሽማግሌ እግሩን ሳይታጠብ እኔ ቤት ተኝቶ አያውቅም” አሉ ሴትዮዋ፤ አጠቧቸውም። ለማጉረምረሜ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ፣ ለካ ያጉረመረምኩት በሆዴ ነው።

ረቡዕ

ሐጂ ከድር ጎጃም በረንዳ መጋዘን አላቸው። አባባ እህል ያራግፉ የነበረው እዚያ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲተያዩ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ብዙ ቆዩ። “ስለ ልጅህ ሰማሁ” አሉ ሐጂ። ልናይ የመጣናቸውን ሁለት መኪኖች ያስመጣው የእህታቸው ልጅ ሙሰማ ነው። ጎልማሳ ነጋዴ ሲሆን ቶሎ ቶሎ ይናገራል፤ በሁለት ስልክ ያወራል።

መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ከጆንያ ክምር ጎን ሁለቱም ቆመዋል። ሁለቱም ትናንሽ ጂፕ መሳይ ናቸው፤ ሁለቱም እነዚያ ግማሽ በቤንዚን ግማሽ በባትሪ የሚሄዱት፣ ሃይብሪድ የሚሏቸው ናቸው። በዋጋ ብዙ አይለያዩም። ሰማያዊዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ወንበሯ እንደ ሶፋ ይመቻል፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ከኋላዋ ያለውን የሚያሳይ ካሜራ አላት። ግራጫዋ ከመሬት ከፍ ትላለች፤ አራቱም ጎማዋ ይስባል፣ ውስጧ ግን ደረቅ ነው።

“ፋዘር፣ እነዚህ ቤንዚን ያሸታሉ እንጂ አይጠጡም” አለ ሙሰማ ለአባባ። “ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋን ራሷ ትሞላለች።”

“ቁልቁለት ሞተር አይሞላም። ቁልቁለት ፍሬን ነው የሚጨርስ” አሉ አባባ።

ሰማያዊዋን እኔ ነዳሁ። ሙሰማ ከጎኔ፣ አባባ ከኋላ። እንዴት ትመቻለች! ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስንደርስ ታክሲው፣ ጋሪው፣ ሰው የተሸከመው ፍራሽ አንድ ላይ ተቋጥሮ ቆምን። እኔም ሙሰማን እየጠየቅኩት ነበር፤ ጠባብ ቦታ ላይ እንዴት እንደምትቆም፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ሲጨናነቅ ምን ያህል ነዳጅ እንደምትወስድ። ሞተሩ ድንገት ፀጥ አለ። እኔ የሚያስደነግጠኝ ዝም ብሎ የተወለደ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜም ልክ እንደዚያ ደነገጥኩ። ሙሰማ “ኖርማል ነው” ከማለቱ የኋላ በር ተከፈተ።

“ጠፋች!” አሉ አባባ፤ ወርደው መንገዱ ዳር ወዳረፉት ወዛደሮች ሄዱ። “እናንተ ልጆች፣ እባካችሁ ግፉልን!”

ሸክማቸውን አውርደው መጡ። ሙሰማ በመስኮት፣ “ኧረ አልጠፋችም! በባትሪ ነው!” ይላል፤ የሚሰማው የለም። አራት ጎረምሶች ከኋላ ሲገፉ አባባ ከጎን “በርቱ!” ይላሉ፤ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ሳቅ አፈነኝ። መንገዱ ሲከፈትና መኪናዋ በራሷ ስትነሳ ገፊዎቹ በደስታ አጨበጨቡ፤ እነሱ ያስነሷት መስሏቸዋል። አባባ ሊከፍሏቸው ሲሉ አንደኛው፣ “ይተዉት ፋዘር፣ ይቺ ቀላል ናት። በደህና ንዷት” ብሎ ሄደ። አባባም ተመልሰው ገቡ። ግራጫዋንም ነዳኋት። ትሄዳለች፤ ልቤ ግን ሰማያዊዋ ጋ ቀርቷል።

ምሳ ሐጂ ጋበዙን። ዕለቱ ጾም መሆኑን እኛ ሳንናገር እሳቸው አስታውሰው ሽሮና ጎመን አስመጥተዋል። እሳቸውም ከእኛው ሰሃን በሉ። እኛ አገር የእስላም እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምናቀርብለት ስንጨነቅ እንውላለን። ከጎናችን ተቀምጦ ሽሮ መብላት እንደሚበቃ ያስተማሩኝ ሐጂ ናቸው።

ሐሙስ

አባባ አንድ ሕግ አላቸው፤ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መለዋወጫዋን ይጠይቃል። መለዋወጫ የሌላት መኪና ስትበላሽ የዶሮ ማደሪያ ትሆናለች። ስለዚህ የሐሙስ ሥራችን ሶማሌ ተራ መዞር ሆነ፤ የመርካቶ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። የሰማያዊዋን ባትሪ ነበር የምንጠይቀው፤ እኔ የወደድኳት እሷን ስለሆነ።

ማርቆስ የመኪና ዕቃ ሱቆች ጥቂት ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ተኳርፈዋል። እውነተኛውን ነገር ለማወቅ ሁሉም ጋ ገብተህ ትጠይቃለህ። እኛም እዚህ እንደዚያው አደረግን። በየሱቁ ገብተን፣ “የዚህች መኪና ትልቁ ባትሪ አለ?” እንላለን። መልሱ አንድ ነው፦ “አለ፣ ቁጭ በሉ።” ወንበር ይሰጡናል፣ ሻይ ያዝዙልናል፣ አንድ ሰው ወደ ሆነ ቦታ ሮጦ ይሄዳል። እኛም ሻያችንን ጠጥተን፣ መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ “ነገ እንመለሳለን” ብለን ወደሚቀጥለው ሱቅ እንገባለን። ይህን ያህል ሻይ በአንድ ቀን ጠጥቼ አላውቅም።

ጠዋት “አለ” ነበር። ወደ ምሳ ሲደርስ “አንድ ብቻ ቀርቷል፣ ዋጋው ጨምሯል” ተባልን። ከሰዓት በኋላ “ነበረ” አሉን። አንዱ ደግሞ፣ “እትዬ፣ ይሄ ዕቃ መርካቶ ውስጥ የለም። ከዱባይ ይታዘዛል፣ መቼ እንደሚገባም አላህ ነው የሚያውቀው” አለኝ። ከመመለሳችን በፊት አባባ አንድ ሱቅ ገብተው የግራጫዋን ጠየቁ። “አለ” አላቸው ሻጩ፤ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶም አሳያቸው።

“በቃ” አሉ አባባ። “ገበያው ፈረደ።”

ወደ ፔንሲዮናችን ስንመለስ ከፍቶኝም ቀሎኝም ነበር። የከፋኝ ለሰማያዊዋ ነው። የቀለለኝ ደግሞ የሚያሳፍረው ነው። ግራጫዋን ከገዛሁ ዳገቱን ትወጣለች፤ አባባም አጠገባቸው እንደምኖር ያስባሉ፤ እኔም የምናገረውን ነገር ትንሽ ልገፋው እችላለሁ። ባትሪ ጠፋ ብዬ ዝም ማለት ነው።

ማምሻውን ሐጂ ሊጠይቁን መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ሳቃቸው አላስቆም አላቸው።

“ዛሬ ሶማሌ ተራን ማን እንዳመሰው ሰማችሁ? ከጎጃም አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌና አንዲት ሴት መጥተው ባትሪ ያለበትን ሱቅ ሁሉ ሲጠይቁ ዋሉ አሉ። የሰማያዊ መኪና መዓት አስገብተው የታክሲ ድርጅት ሊከፍቱ ነው ተብሏል።”

እኔና አባባ ተያየን።

“ሁሉም ሱቅ የሚልከው እኮ አንድ ሰው ጋ ነው” አሉ ሐጂ። “ባትሪው ያለው እሱ ጋ ነው። አሥር ሱቅ ሲጠይቀው አሥር ገዢ የመጣ መሰለው፤ ደበቀው። ያስወደዳችሁትም ያጠፋችሁትም እናንተው ናችሁ። እዚህ አንድ ሱቅ ከጠየቃችሁ መርካቶን ጠየቃችሁ ማለት ነው።” ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ በጉራግኛ ትንሽ ተነጋገሩ። “ነገ ቦታው ይመለሳል።”

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ይበልጣል ከሞተ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ ግን መደበቂያዬ ከእጄ ወጥቷል።

ዓርብ

ጠዋት ሁለቱ መኪኖች ጋ ተመለስን። ወደ ቀትር ሐጂና ሙሰማ ለጁምዓ ሶላት ሄዱ፤ የመጋዘኑ ሠራተኞችም አብረው ወጡ። ያ ሁሉ ጩኸት ድንገት ረገበ። እኔና አባባ ጆንያ ላይ ተቀመጥን፤ ሰማያዊዋ በቀኛችን፣ ግራጫዋ በግራችን።

“ሰማያዊዋን ውሰጂ” አሉ አባባ።

“የእርስዎ ዳገትስ?”

“ዳገቱ የእኔ ነው። አንቺ የምትኖሪው እዚህ ነው።”

“ማን ነገረዎት?” አልኳቸው።

“አንቺ ነሻ። ረቡዕ ዕለት ሙሰማን የምትጠይቂው ስለ ጠባብ ማቆሚያና ስለ ጠዋት መጨናነቅ ነው። ማርቆስ የምን መጨናነቅ አለና? ስለ ዋልካው አንዲት ቃል አልተናገርሽም። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ብርቄ። የመኪናዋን አልሰማሁም እንጂ ያንቺን ሰምቻለሁ።”

ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግኩ። ማሠልጠኛውን፣ እሺ ማለቴን፣ በየእሑዱ ልነግራቸው አስቤ መቅረቴን ሁሉ ነገርኳቸው።

“ደግ አድርገሻል” አሉ። “የኔ ልጅ ቢኖር አብሮሽ ይሄድ ነበር። እኔን አታስቢ፤ ሰፈሩ አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ?”

ያንን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ግን ከፍቶኝ አያውቅም። እሳቸው ለማጽናናት ነው ያሉት። እኔ ደግሞ “ሩቅ ዘመድ” የተባልኩት እኔ መሆኔን ሰማሁ። ተነስቼ ሄድኩና ግራጫዋ ላይ ተደገፍኩ።

“ይቺን ነው የምወስደው” አልኳቸው።

“ለከተማ ትበዛብሻለች። ማቆሚያም ታጪላታለሽ።”

“ለከተማ አይደለም የምወስዳት። ለዳገቱ ነው።”

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው በከዘራቸው የግራጫዋን ጎማዎች አንድ በአንድ መታ መታ አደረጉ፤ ለረጅም ጊዜ ጎማው ላይ ነበር የሚያዩት። ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ፣ “ጨረሳችሁ?” ቢሉ፣ “ጨርሳለች” አሉ አባባ።

ሰኞ

የወረቀቱን ጉዳይ የሐጂ ሰዎች ጨረሱልን። እትዬ አስካለ ለመንገድ ዳቦ ቋጥረው ሰጡን፤ መኪናዋን ደጃቸው ላይ ሲያዩ፣ “ስትመለሺ እኔ ቤት ነው የምታርፊው፣ ማቆሚያም እፈልግልሻለሁ” አሉኝ። አባባ ነገሩን ነግረዋቸው ኖሯል።

እንጦጦን ወጥተን፣ ሱሉልታንና ፍቼን አልፈን፣ አባይ በረሃ ደረስን። ቁልቁለቱን ስንጀምር አባባ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን አዘጋጁ። ከፊት ለፊታችን ባለው ሰሌዳ ላይ ግን የባትሪው ምልክት እየሞላ፣ እየሞላ ሄደ። መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ዓይናቸውን ከሰሌዳው ላይ ሳያነሱ እስከ ድልድዩ ወረድን።

“እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ሳቃጥል ኖርኩ” አሉ። “ይቺ ደግሞ ትበላዋለች።” ድልድዩን ስንሻገር፣ “ይበልጣል ባያት” አሉ። ስሙን ከሞተ በኋላ ራሳቸው ሲያነሱት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ተነስቶ ሲጮህ አባባ ደስ አላቸው፤ ድምፅ አላትና።

ወደ ማታ ማርቆስ ገባን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የአባባ መንገድ ጭቃ ሆኖ ላቁጧል። ከቁልቋሉ መታጠፊያ ላይ አንዴ ወደ ጎን ተንሸራተተች፤ ከዚያ አራቱም ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ በባትሪ ብቻ በዝግታ አወጣን። ግቢው በር ላይ ስናቆም የሰማን ሰው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፤ ያን ዕለት ውሻው እንኳ አልጮኸም።

አባባ ወርደው ቆሙ፤ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት፤ ፊታቸውም ቅር አለው።

“ምነው አባባ?”

“እዚህ ግን ድምፅ የላትም እኮ። ስትመጪ አልሰማሽም።” በከዘራቸው ወደ ታች አመለከቱ። “ከቁልቋሉ ስትደርሺ ክላክስ አድርጊ።”

እሺ አልኳቸው። ዕቃቸውን አስገብቼ፣ ተሰናብቼ፣ በራቸውን ዘግተው ሲገቡ አይቼ ወረድኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ቆም አልኩና አንድ ጊዜ ክላክስ አደረግኩ። በስፖኪዮው ወደ ዳገቱ ሳይ፣ አባባ በሩን ከፍተው ደጅ ቆመዋል።